ሟች የሌለው መርዶ፤ ከደሴ እስከ መቐለ

ከመቐለ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «አገሯ እንዴት ናት?» ይለኛል። «ደህና ናት፤ ድንጋይዋ ያምራል፤ ፀሐይዋ ይጠናል» ብዬ አልፋለሁ። የሄድኩበት ጉዳይ መንገድ ላይ ተቁሞ የሚወራ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ሊሄድ ያሰበም የማይሄድም ያንብበው።

ሰይድ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ታናሽ እህቴ ሉባባ ለትምህርት መቐለ ሄዳ፣ እዚያው ሥራ ይዛ፣ እዚያው አግብታ የቀረች ናት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች አንገቷ ላይ ንፍፊት የመሰለ ነገር ወጣባት። ካንሰር ነበር። አዲስ አበባ ወስደናት ኬሞም ወሰደች፣ አንገቷና ደረቷ ላይ ጨረርም ወሰደች። ዳነች። እኛ ቤት መዳን ሲባል እንደ ጉንፋን ለቆ የሚሄድ መስሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አፏ ምራቅ እንደ ልብ አልያዘም። ጥርሶቿ ተራ በተራ ተበሉ። የጣቶቿ ጫፍ ስለደነዘዘ ትኩስ ብርጭቆ ይዛ መቃጠሏን የምታውቀው ሌላ ሰው ሲጮህባት ነው። ጨረሩ የእንቅርት ዕጢዋን ስላደከመው በየማለዳው ክኒን ትውጣለች፤ ያ ክኒን ከመቐለ ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ፊቷ አብጦ፣ ድምፅዋ ጎርንኖ ነው ያለፈችው።

ለአረፋ ደሴ መጥታ ሳለች ለባለቤቴ «እዚህ ጋ ጠጠር የሚያህል ነገር አለ» አለቻት። ባለቤቴ ለእኔ ነገረችኝ፤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በመርፌ ናሙና ሰጥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ውጤቱን የምሰማው እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ «የድሮው አልተመለሰም» ሲለኝ አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። «አዲስ ነው። የጡት ነው» አለኝ አስከትሎ። በልጅነቷ ደረቷ ላይ ያረፈው ጨረር ከብዙ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጣ እንደሚችል፣ ፈጥና ከታከመች ተስፋ እንዳላት፣ መዘግየት ግን እንደማያዋጣ አስረዳኝ። ያኔ ጨረሩን ባታገኝ በልጅነቷ ቀብረናት ነበር፤ አሁን የያዛትም ከዚያው ነው። ለዚህ ማንን ይከሷል?

በስልክ ልነግራት ደጋግሜ ደወልኩ፤ ደጋግሜ ስለ በርበሬ አውርቼ ዘጋሁት። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በእግሩ ይሄዳል እንጂ በስልክ አይሄድም። ተነሣሁ። እንደምመጣ አላሳወቅኳትም፤ ባሳውቃት «ለምን?» ትላለቻ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ደሴን ሲለቅ ጉም ነበር። ደሴ ጉም የሌላት ቀን ሰው የታመመች ይመስለዋል። ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ፤ የሙያ በሽታ ነው። ሐይቅን እስክናልፍ ፍሬን ላይ ተኝቶ ነው የወረደው። «ማርሽ ቀንስ፣ ወንድሜ፤ ሞተሩ ይያዝልህ» ስለው በመስታወቱ አየኝና ዘፈኑን ጨመረው። ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ። ቆቦ ላይ ሜዳው ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ለደሴ ሰው ሜዳ ሲበዛ ያስፈራል፤ የሚደገፉት ተራራ ይጠፋል።

አላማጣ ላይ ምሳ በልተን የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ስንያያዝ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ የደረቡ ሽማግሌ ቆሎ አቀረቡልኝ። ኣቦይ ሓጎስ ይባላሉ። «ወዴት ነህ፣ ወደይ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እህቴን ልጠይቅ ብዬ መለስኩ። «ደሓን ናት?» ሲሉኝ «ደህና ናት» አልኩ። ውሸት ነው አይባልም፤ ራሷ እንደምታውቀው ደህና ነበረች።

ማይጨውን አልፈን አላጀን ስንወጣ የፈራሁት ደረሰ፤ ሞተሩ ፈላ። ሾፌሩ ቁልቁለቱን በፍሬን፣ ዳገቱን ማርሽ ሳይቀንስ ሲያስጨንቀው የዋለ ሞተር ነው። ውኃ ፍለጋ ሰዎች ገደል ወረዱ፤ እኔ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ እንዳይከፍተው ስጮህ ቆየሁ፤ ሊከፍተው ነበር። በዚህ መሀል ቀኑ መሸብን። ከመሸ በኋላ መንዳት ስለማይፈቀድ ዓዲ ጉዶም ስንደርስ እዚያው አደርን።

ያደርንበት ቤት ባለቤት ሴትዮ ስሜን ሰምታ ስጋ አላቀረበችልኝም። ሳልጠይቃት አዲስ መጥበሻ ከላስቲኩ ፈትታ፣ ዓይኔ እያየ አጥባ እንቁላል ጠበሰችልኝ። «ይኼ ስጋ ኣልነካም፣ ብላ፣ ሓወይ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ደሴ ላይ ሁላችንም ተጎራብተን ስለምንኖር እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። እዚያ ግን የማላውቃት ሴት ስታደርገው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው ያመሰገንኳት። ብርዱ አያድርስ ነው። እህቴን ሳስብ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ማክሰኞ

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ኲሓ ላይ አውሮፕላን ማረፊያውን ስናልፍ ሰማዩ መቅላት ጀምሮ ነበር፤ መቐለ መናኸሪያ ስንወርድ ጎዳናው ላይ ጠራጊዎች ብቻ ናቸው። የሉባባ ቤት ሓድነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ስመጣ የነበረው እሷ መናኸሪያ ተቀብላኝ ነውና አላውቅም። ኣቦይ ሓጎስ «ኣንተ እንግዳዬ ነህ። ቤትህን ሳላገናኝህ ብተውህ ፈጣሪ ይጠይቀኛል» ብለው ባጃጅ ውስጥ ጎተቱኝ። የራሳቸው ቤት በሌላ አቅጣጫ ነው።

ሰፈሩ የድንጋይ ቤትና የብረት በር ነው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ኣቦይ ሓጎስ በግምት አንዱን በር አንኳኩ። ወጣት ሴት ከፈተች። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይቀሰቀስ ብለው ነው፣ «የሉባባ ቤት የትኛው ነው? ወንድምዋ ነው። ከደሴ መጥቶ» አሏት።

ሴትየዋ ተመለከተችን። እስቲ እናንተም ተመልከቱን። ጎህ ሲቀድ፣ ሳይነገር፣ ሩቅ አገር ያለ ወንድም ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ የጎረቤት በር ቀስ ብሎ ሲያንኳኳ ምን ይመስላል? መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ወሎም፣ ትግራይም፣ የትም። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ኋላ ለሞተበት ሰው ይነገራል። እኔ ይህ አልታየኝም። ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ወይለይ!» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወደ ሌላው ጎረቤት ሮጠች።

የሉባባን በር ስናንኳኳ ከኋላችን ሴቶች ቆመው ነበር። ሉባባ ራሷ ከፈተች። አየችኝ፤ ሽማግሌውን አየች፤ ከኋላችን ያሉትን አየች። በእጇ የያዘችው የውኃ ባልዲ ወደቀ።

«እማዬን!» አለች። «እማዬን!»

ከዚያ መሬት ላይ ነበረች። ሴቶቹ አብረው አለቀሱ። «አልሞተችም! ደህና ናት!» ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል፤ ለቅሶ ላይ እንዲህ የሚል ሰው መዓት ነው። ባሏ ዓብደላ በባዶ እግሩ ወጥቶ ትከሻዬን አቅፎ ያለቅሳል። ከሁሉ የባሱት ኣቦይ ሓጎስ ናቸው፤ «ኣይ ወደይ፣ ያን ሁሉ መንገድ አብረን መጥተን ሐዘንህን ደብቀኸኝ?» እያሉ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ስልኬን አውጥቼ እናታችን ጋ ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ከሉባባ ጆሮ ደቀንኩት።

«ምንድን ነው እሱ ጩኸት በጠዋት?» አለች እናቴ ከደሴ። «ሰይድ! የማን ልቅሶ ቤት ነህ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ሉባባ እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጣ ስልኩን እየሳመች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። «ታዲያ ለምን መጣህ፣ ወንድም ጋሼ?» አለችኝ።

«ናፍቀሽኝ» አልኩ።

ለለቅሶ የመጡት ሁሉ ለቁርስ ቀሩ። የዓብደላ እናት ኣደይ ዘሃራ የገብስ ዱቄት አቡክተው ጥሕሎ አድቦልብለው አቀረቡ፤ ጥሕሎ በእንጨት ሹካ ተወግቶ ወጥ ውስጥ እየተነከረ የሚበላ ነው። የእኔው ድብልብል በየጊዜው ከሹካው እየሾለከ ወጡ ውስጥ ሲጠልቅ የሉባባ የሁለተኛ ክፍል ልጅ መርየም በሳቅ ሞተች። ሉባባ «ዛሬ እማዬ ሁለተኛ ተወለደችልኝ» ትላለች፣ ላየችው ሰው ሁሉ። ኣቦይ ሓጎስ መርቀውን ሄዱ። እኔ በዚያ ደስታ መሀል ተቀምጬ የተሸከምኩት መርዶ የእሷ የራሷ መሆኑን አውቃለሁ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ፈርቼም አላውቅም።

ረቡዕ

ጠዋት ዓብደላ የብረት በር ወደሚሠራበት ወርክሾፕ አብሬው ሄድኩ፤ በእግር ቅርብ ነው። የመቐለ መንገድ ለማስተማር እንዴት ይመቻል መሰላችሁ፤ ቀጥ ያለ፣ የተነጠፈ። ደሴ ላይ ተማሪዬ ገና ቁልፍ ሳያዞር ዳገት ይጠብቀዋል። ይህን እያወራሁ ሌላውን ሳላወራ ደረስን። ብየዳውን ከመጀመሩ በፊት ነገርኩት።

የፊት መከላከያውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። «ተመለሰ?» አለ።

«አልተመለሰም። ሌላ ነው።» የሐኪሙን ቃል እንዳለ ነገርኩት።

ዓብደላ የተጋደመ በር ላይ ተቀመጠ። «ሰይድ ሓወይ» አለኝ፣ «አትንገራት። ዕጢ ናት፣ ትውጣ ተብሏል እንበላት። አዲስ አበባ እኔ እወስዳታለሁ።»

«ሲያክሟት አታውቅም?»

«ያኔ አላህ ያውቃል።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ከላዬ ላይ የወረደልኝ መሰለኝ። እኛ ወንዶቹ ተስማምተን፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን ተለያየን።

ከሰዓት በኋላ ሉባባ የምትሠራበትን ቤተ መጻሕፍት ላሳይህ ብላ ወደ እንዳ ኢየሱስ፣ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ኮረብታ፣ ይዛኝ ወጣች። ዳገቱን ተማሪዎቹ እያወሩ ይወጡታል። እሷ ግን ከጨረሩ ወዲህ ትንፋሿ ያጥራታልና በየመሀሉ ትቆማለች። ከአንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ ከማይለያት የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ጠጣች።

«እሺ፤ ለምን መጣህ?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«ነገ ደሴ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው። አንተ የአባባን ሰደቃ እንኳ ፈተና ሳምንት ላይ ቢውል ቀኑን ያስቀየርክ ሰው ነህ። ተማሪዎችህን ጥለህ በናፍቆት ልትመጣ?»

የአሽከርካሪን ስሕተት ከአፉ ሳይሆን ከእጁ ነው የምታዩት እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ፤ እጄን ኪሴ ከተትኩት። አየችው።

«የድሮው አልተመለሰም» አልኳት።

«ማለት?»

«ሌላ ነው። አዲስ ነው።»

«የት? አንተው በለው።»

ወንድም ለእህቱ የማይጠራው ቃል ነው። በጣቴ የራሴን ደረት አመለከትኩ።

«ጡትሽ ነው በለኛ! በስሙ ጥራው!» ብላ ጮኸችብኝ። የሚያልፉ ተማሪዎች ዞር አሉ። አንዷ የምታውቃት ኖሮ «ሉባባ፣ ሰላም ዲኺ?» አለቻት፤ ሰላም ነሽ ወይ ነው። «ይመስገን» ብላ ፈገግ አለችላት። ልጅቷ እስክትርቅ ፈገግታውን አላነሣችውም።

«ከየት መጣ?» አለችኝ ቀጥላ።

«ያኔ ከወሰድሽው ጨረር ነው ይላል ሐኪሙ።»

«ካዳነኝ?»

«አዎ።»

ሳቀች፤ መስማት የማይፈለግ ሳቅ። «ማንም እኮ ምንም አልነገረኝም፣ ወንድም ጋሼ። ጥርሴ ሲወልቅ፣ ጣቴ ሲደነዝዝ፣ መርየምን ለመውለድ ያን ያህል ስለፋ፣ እያንዳንዱን ሲመጣ ነው የተዋወቅኩት። ሐኪሞቹ ለአባባ ነግረውት ይሆናል፤ አባባ ለእኔ አይነግረኝም። እናንተ የምትነግሩኝ ዳንሽ፣ ዳንሽ ነው።» ክዳኑን መግጠም አቅቷት ጠርሙሱን ሰጠችኝ። «አልሄድም። አንዴ ድኛለሁ፤ የመዳንን ጣዕም አውቀዋለሁ።»

«አብሽሪ» ልላት ፈለግኩ። አይዞሽ የሚለው ቃላችን ነው። በእሱ ፈንታ ክዳኑን ገጠምኩላት። ቤተ መጻሕፍቱን ሳናየው ተመለስን።

ሐሙስ

ሌሊቱን ሁሉም ሰምቶ ነበር መሰለኝ፣ ቁርስ ላይ ማንም ማንን አያይም። መርየም ትምህርት ቤት ሄዳለች። ሉባባ ሻይ ቀዳች፤ ብርጭቆው ሲሞላ አልታወቃትምና ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። ዓብደላ ቀማት። «አልሄድም ብያለሁ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ኣደይ ዘሃራ አማርኛቸው ትንሽ ነው። እስከዚያ ቀን ከእኔ ጋር የተነጋገሩት በምግብ ነበር። ዳቦውን ቆርሰው ፊቷ አኖሩና «ጓለይ፣ ስሚኝ» አሏት፤ ልጄ ማለት ነው። «ማክሰኞ ለናትሽ አለቀስሽ። እሷ ግን አልሞተችም። ዛሬ ደግሞ ለራስሽ ታለቅሻለሽ። አንቺ ሞትሽ እንዴ? የኛ ሰው መጀመሪያ ይሞታል፣ ከዛ ይለቀሳል። አንቺ ምነው ተገላቢጦሽ?»

ሉባባ ቁራሹን አነሣች። ዳቦውን ለረጅም ጊዜ አኘከችው፤ ምራቅ ስለሌላት ደረቅ ነገር እንደዚያ ነው የምትበላው። በውኃ ካወራረደችው በኋላ «እሰማለሁ» አለች። «ለመስማት ብቻ እሄዳለሁ። ግን ለእኔ ነው የሚነገረው። ለዓብደላ በኮሪደር፣ ለወንድም ጋሼ በስልክ አይደለም። ሁሉም፣ የኋላውም ጭምር። አንድ ነገር የተደበቀኝ እንደሆነ ተነሥቼ እወጣለሁ።»

የደሴውን ውጤት ይዘን አራታችንም እዚያው መቐለ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እንደ ባህላችን መጀመሪያ ያየችው እኔንና ዓብደላን ነው፤ በዓይኗ «ልናገር?» ትላለች። «ለእሷ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ሉባባ ሓፍተይ» አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ደረትሽ ጨረሩን አንዴ ጠጥቷል። እዚያው ላይ መድገም ይከብዳል። ያኔ ከወሰድሻቸው መድኃኒቶች አንዱም ልብ ስለሚጎዳ እንደ ልብ አይደገምም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል። ሁለቱንም ጡት ማውጣት የሚሻል ይመስለኛል፤ ሌላኛውም ያንኑ ጨረር አግኝቶታልና።»

ዓብደላ መሬት መሬት አየ። ሉባባ «ቀጥዪ» አለች።

«ከዚያ ሌላ ዓይነት ኬሞ። ፀጉርሽ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የጣትሽ መደንዘዝ ሊብስ ይችላል።»

«እሱን አውቀዋለሁ። ያልነገሩኝን ንገሪኝ። ይሄኛው ሕክምና ደግሞ ኋላ ምን ያመጣብኛል?»

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። «ከዓመታት በኋላ በታመመው ጡት በኩል ያለው ክንድሽ ሊያብጥ ይችላል።»

«አሚን» አለች ሉባባ።

ሐኪሟ በትክክል ያልሰማች መስሏት «ምን አልሽ?» አለች። ወሎ ውስጥ ዱዓ ሲደረግ ሽማግሌው ይመርቃል፤ የተቀመጠው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ በየምርቃቱ አሚን ይላል። ሉባባ መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር።

«ከዓመታት በኋላ አልሽኝ አይደል?» አለቻት። «ለዚያ ያብቃኝ። ቀጥዪ።»

«አጥንትሽ ያለ ዕድሜው ሊሳሳ ይችላል።»

«አሚን።»

«ልብሽም ሊደክም ይችላል። ዕድሜሽ ሲገፋ አሁን የምትወጪው ዳገት ሊያቅትሽ ይችላል።»

«አሚን።»

ኣደይ ዘሃራ የሐኪም ቤት አማርኛ አይገባቸውም፤ የተዘረጋ መዳፍ ግን ይገባቸዋል። የራሳቸውን ዘረጉ። «ኣሚን» አሉ። ዓብደላም ቀና ብሎ ዘረጋ። እኔ ግን አልቻልኩም ነበር፤ እጄን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አኖረች። «ጨርሺው» አለቻት ሉባባ።

«ከብዙ ዓመት በኋላ» አለች ሐኪሟ፣ ቃሉን በቀስታ እየጎተተች፣ «ምናልባት ሦስተኛ ካንሰር ሊመጣ ይችላል።»

ሉባባ ወደ እኔ ዞረች፤ ትጠብቀኛለች። መዳፌን ዘረጋሁ።

«አሚን» አልን፣ ሁላችንም።